ባንዱን ጥሎ የወጣ ሰው ዕዳው ለማን ነው?

ፐንክ የሚባለው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን ብቅ ሲል ይዞት የተነሣው አቋም ግልጽ ነበር። ሙዚቃ የባለሙያ ርስት አይደለም፣ ሦስት ኮርድ መያዝ የቻለ ሁሉ መድረክ ላይ ይውጣ፣ በዘፋኙና በአድማጩ መካከል ያለው አጥር ይፍረስ የሚል ነው። ዘፈኑ አጭር፣ ጊታሩ ጯሂ፣ ልብሱ የተቀዳደደ ነበር። ማንም የሚገባበት ቤት ማንም ሊወጣበት ይችላልና ከእንዲህ ያለ ቡድን መልቀቅ ከሁሉ የቀለለ ሊሆን ይገባው ነበር። የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ከፐንክ ባንድ የወጣ ሰው ከሃዲ ተብሏል፣ ለገንዘብ አደረ ተብሏል፤ ከባንክ ወይም ከፋብሪካ ሥራ የለቀቀ ሰው ጨርሶ የማይጠየቀውን ተጠይቋል። ለምን ወጣህ? አሁንስ ማን ነህ? ጥያቄው የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ ላይ ቆሞ የሰሜንን ተራሮች የሚመለከት ሰው፣ በትውፊታችን የዜማ ሁሉ አባት የሆነው ሰው ንጉሥና ጉባኤ ጥሎ የገባበትን አገር ነው የሚመለከተው። ዘማሪው ከሄደ በኋላ ማን እንደ ሆነ፣ ለመሄድስ መብት እንደ ነበረው፣ እኛ አገር ከፐንክ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ተነሥቷል።

ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ስንክሳር የተጻፈው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ለአብዛኛው አንባቢ የታወቀ ነው። በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያሬድ በአክሱም ጽዮን ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ወጊውም ተወጊውም አልታወቃቸውም። ማሕሌቱ ሲያበቃ ንጉሡ ያደረገውን አይቶ ደነገጠ፣ ጦሩን ነቀለ፣ ለፈሰሰው ደም የፈለግኸውን ሁሉ ጠይቀኝ አለው። ያሬድ መጀመሪያ መሐላ አስገባው። ከዚያ የጠየቀው ርስት ወይም ሹመት ሳይሆን ስንብት ነው፤ መንኩሼ በገዳም እንድኖር አሰናብተኝ አለ። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፣ ግን መሐላ ሆነባቸው። ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃንን ካደረሰ በኋላ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ያረፈውም እዚያው ነው። ታሪኩ በጽሑፍ የሰፈረው ከዘመኑ ብዙ ቆይቶ ስለሆነ እዚህ የማነሣው የአንድን ቀን ውሎ ለማረጋገጥ አይደለም። ይህን ታሪክ ያቆዩልን ሊቃውንት ከመድረክ መውረድን እንዴት እንዳሰቡት ስለሚያሳይ ነው፤ ያሰቡት ደግሞ እኛ ዛሬ ከምናስበው ጠለቅ ብለው ነው።

በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ሥዕል ልብ ብሎ ያየ ሰው የጦሩን ጫፍ ማለፍ አይችልም። ያሬድ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ይዟል፣ ከበላዩ ሦስት ወፎች አሉ፣ ከእግሩ ደም ይወርዳል፣ የንጉሡ ፊት ግን የጠላት ፊት አይደለም። ሠዓሊዎቹ ንጉሡን ጨካኝ አድርገው ቢሥሉት ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ዘማሪው ከጨካኝ ጌታ ሸሸ ብለን እናልፈው ነበር። የወጋው የወደደው ሰው ነው፤ የወጋውም በወደደበት ሰዓት፣ ዜማው ልቡን በነጠቀበት ቅጽበት ነው። አድማጭ የሚወደውን ሰው መሬት ላይ ይቸነክረዋል፣ መቸንከሩንም አያውቅም፤ የሚሰማው ደስታ ብቻ ነው። እንደ እኔ ንባብ የታሪኩ ጥልቀት ያለው ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። ያሬድ ሲቆስል አልተቆጣም፣ ካሣም አልተደራደረም፤ መሐላ ግን አስቀደመ። ፍቅር ብቻውን እንደማይለቀው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ ጥያቄውን አስቀድሞ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ስለሚወደው ብቻ፣ እንቢ ባለ ነበር። ስንብቱ የተገኘው በአድማጩ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ አድማጩ ሳያውቅ በገባው ቃል ተይዞ ነው። ታሪኩ ንጉሡ ደስ ብሎት ሸኘው አይልም፤ አዘነ ይላል፣ ኀዘኑንም አያቃልልም፣ ግን ኀዘኑ ያሬድን የሚያስቀር መብት እንዳልሆነ በዝምታ ይፈርዳል። እኔም የምለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያድማጭ ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ዕዳ ግን አይፈጥርም።

ይህን በቃል የሚክድ የለም። በተግባር ግን ከመድረክ ለወረደ ሰው ምሕረት የምናደርገው በሁለት በር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሃይማኖት ነው። ሙሉቀን መለሰ ገና በልጅነቱ የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች በድምፁ የያዘ ሰው ነበር፤ በደርግ ዘመን የወንጌል አማኝ ሆኖ ዓለማዊ ዘፈንን ተወ፣ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ በ2016 ዓ.ም. እስኪያርፍም በመዝሙሩ ጸና። የፖሊስ ኦርኬስትራዋ ሂሩት በቀለም እንዲሁ ዘፈኑን ትታ መዘመርን መርጣ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። ሁለቱም ስማቸው ሲነሣ ከአድማጭ ወገን የሚመጣው ቃል ያው ነው፤ «ምን ዓይነት ድምፅ ቀረ!» ይባልና ወዲያው «ለእግዚአብሔር ነውና ይሁን» ይከተላል። ይህ ይሁንታ ቸርነት ይመስላል እንጂ ውስጡ ስሌት አለው። ሰውየው መድረኩን የተወው ለከፍተኛ መድረክ ስለሆነ ነው ይቅር የተባለው። ድምፁን ይዞ ዱቄት ሲነግድ ቢገኝ ይሁንታው አይኖርም ነበር። የፒያኖ ተጫዋቿ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ነገር እንዲሁ ነው። በአውሮፓና በካይሮ ተምረው፣ ለከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ወደ ለንደን የመሄዳቸው ዕድል ሲዘጋ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በባዶ እግራቸው በዚያ አምባ ላይ ኖሩ። ፒያኖ አልነበረም። ኋላ ወደ ሙዚቃው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፣ ገቢውንም ለችግረኛ ሰጡ፤ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ዝናቸው ዓለምን ዞረ። ስለ እርሳቸው የሚጽፍ ሰው ሁሉ የግሸኑን ዘመን በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ለኋለኛው ሙዚቃ መዘጋጃ ያደርገዋል። እርሳቸው ግን ወደ ግሸን የወጡት ለሸክላ ሊዘጋጁ አልነበረም። ሸክላው ባይመጣ ኖሮ ያ አሥር ዓመት ባከነ ይባል ነበር ወይ? አዎ ለማለት የሚደፍር ካለ ምንኩስናን አያውቅም።

ፐንኮችም የሃይማኖቱን በር ያውቁታል። ፖሊ ስታይሪን በሚል የመድረክ ስም የምትታወቀው የኤክስ ሬይ ስፔክስ ድምፃዊት፣ አባቷ ከሶማሊያ የመጣ፣ ለንደን ያደገች ጎረቤታችን ናት ማለት ይቻላል። ስለ ሸቀጥና ስለ ማስታወቂያ እየጮኸች ስትዘፍን ገና ልጅ ነበረች። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲፈርስ ወጣች፣ በ1980ዎቹም ወደ ሐሬ ክሪሽና ማኅበር ገብታ በማኅበሩ ግቢ ኖረች። ሸቀጥን ስትቃወም የነበረች ሴት ጠዋት ማታ ስመ አምላክ እየደገመች በቀላል ምግብ ብትኖር ከዘፈኗ የራቀች አይመስለኝም፤ እንዲያውም ብዙ ፐንኮች ከዘፈኑት በላይ የዘፈነችውን የኖረችው እርሷ ናት። ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ስለ እርሷ ሲወራ ሕይወቷ የተቋረጠ ያህል ነበር። በ2011 ከማረፏ ጥቂት ሳምንታት በፊት አልበም ስታወጣ ነው ወሬው እንደገና የተቃናው። ይህ ሁለተኛው በር ነው፤ ዳግመኛ መገኘት።

በዚህ በር ካለፉት ከኃይሉ መርጊያ የተሻለ ምስክር የለም። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በሂልተን ሆቴል በደርጉ የሰዓት እላፊ ዘመን ይጫወት ነበር፤ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ሙዚቃው እላፊው እስኪነሣ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ አሜሪካን ሊዞር ሄደ፤ ከጉዞው በኋላ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ነው። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያም ዓመታት እየተጠራቀሙ ሄዱና መድረኩን ትቶ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ሸክላ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ዓለምን መዞር ጀመረ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ወሬው በየጋዜጣው ሲጻፍ አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው፤ ታላቅ ሙዚቀኛ፣ ከዚያ ተረሳ፣ ታክሲ ነዳ፣ ከዚያ ተገኘ። ለመሆኑ የጠፋው ለማን ነው? ለተሳፋሪው አልጠፋም፤ ለቤተሰቡ አልጠፋም፤ ለራሱማ ጭራሽ። ራሱ ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር አለ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ይጫወት ነበር። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን ይመልሳል፣ ሻንጣ ይጭናል፣ ይነዳል። ያ ሙዚቃ አልተቀዳም፣ ቲኬት አልተሸጠበትም፣ ያጨበጨበለትም የለም። በሂልተን ከተጫወተው ያነሰ ሙዚቃ ነው የሚል ሰው ካለ ምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚለው ማወቅ እፈልጋለሁ። ሙዚቃን ሙዚቃ የሚያደርገው አድማጭ ከሆነ ያ መጫወት ምንም አልነበረም ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ በሌሊት በዋሻ የሚጸልይ መናኝም ምንም አላደረገም። የታክሲው ዘመን የመጠበቂያ አዳራሽ አልነበረም። ሳይገኝ ቢሞት ኖሮም ሙሉ ሕይወት ነበር።

እዚህ ላይ የወንጌል አንባቢ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ከሁሉ የጠነከረው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታው መክሊት የሰጠው ሦስተኛ አገልጋይ ቆፍሮ ቀበረው፤ ሰነፍ ተብሎ መክሊቱን ተነጠቀ። ድምፅ የተሰጠው ሰው ድምፁን ቢቀብር ምን ይለያል? ምሳሌውን ግን ደግመን እናንብበው። አገልጋዩ የተጠየቀው በሰጪው ነው። መክሊቱ ተቀበረብን ብለው የከሰሱት የገበያው ሰዎች አይደሉም፣ የገበያው ሰዎች በታሪኩ ውስጥ ቃል እንኳ የላቸውም። ጸጋ ዕዳ ከሆነ ባለዕዳነቱ ለሰጠው ነው፤ ሂሳቡንም የሚመረምረው ሰጪው ነው እንጂ ዘፈኑ ያማረው አድማጭ አይደለም። ሌላም አለ። ሦስተኛው አገልጋይ የቀበረው ፈርቶ ነው፣ ራሱ እንደ ተናገረው፤ ጌታውን ጨካኝ ነው ብሎ ስላሰበ። ከባንድ የሚወጣ ሰው ሁሉ ፈርቶ አይወጣም፤ እንዲያውም ፈርቶ የሚቀረው ነው የሚበዛው፤ ከመድረኩ ውጭ ማን እንደሚሆን ስለማያውቅ ጉሮሮው ከከዳው በኋላ እንኳ ማይክ አይለቅም። በፍርሃት መቅበር ካለ በፍርሃት መዝፈንም አለ።

ያሬድ ግን ሰሜን ገብቶ ዝም አላለም፣ ደቀ መዛሙርት አስተማረ ይባላል፤ እንግዲህ ምሳሌህ ላንተ አይመሰክርልህም የሚለኝም ይኖራል። እውነት ነው፣ ትውፊቱ ማስተማሩን ይናገራል። ልዩነቱን ግን ማየት ያስፈልጋል። ደቀ መዝሙር አድማጭ አይደለም። የያሬድን የዜማ መጽሐፍ ድጓን ለማስመስከር የድጓ ማስመስከሪያ እስከ ሆነችው ቤተልሔም ድረስ ሄዶ ዓመታት የሚቆይ ተማሪ ከመምህሩ የሚፈልገው ደስታን አይደለም፣ የዜማውን ምልክት ነው፤ ስሕተቱ እንዲታረም፣ ኋላም መምህሩ ሳይኖር እንዲያዜም። አድማጭ ዘማሪው ሁልጊዜ እንዲኖርለት ይሻል፤ ተማሪ ግን እየጎለመሰ በሄደ መጠን መምህሩን ነጻ ያወጣዋል። ያሬድ ወደ ተማሪ መሄዱ ከአድማጭ መውጣቱን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠናክር ነው። ደግሞም ባያስተምርስ? ስንክሳሩ የለመነውን ሲናገር ምናኔን እንጂ ትምህርት ቤትን አያነሣም።

ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ፍትሕ አለበት። ይህ አገር ዘፋኝን ንቆ የኖረ አገር ነው ይላል። በወገራም ሆነ በዳባት ሠርግ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ካልመጣ ድግሱ ድግስ አይሆንም፤ ግጥም ይቀበላል፣ አወድሶ ያስቃል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል፤ ልጅህን ስጠኝ ቢል ግን የሳቀለት ሰው ፊቱን ያዞርበታል። ሙያው በዘር ተላልፎ የሚኖር በመሆኑም ማሲንቆውን ሰቅሎ እርፍ የጨበጠ ሰው እስከ ልጅ ልጁ አዝማሪ ከመባል አይድንም። እንዲህ ባለ አገር ከሙዚቃ መውጣትን ማወደስ የቆየውን ንቀት በሃይማኖት ቀለም መቀባት አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሆኗል። ስለዚህ መውጣት በተተወው ሥራ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ጨርሶ አልቀበልም። ሙሉቀን መዝሙርን ስለ መረጠ የቀድሞ ዘፈኖቹ ውሸት አይሆኑም፤ እርሱ በእምነቱ ስለ እነርሱ የሚያስበውን ማሰብ የራሱ መብት ነው፣ ዘፈኖቹ ግን በሰው ጆሮ ውስጥ የራሳቸው ዕድሜ አላቸው። ያሬድም ሲወጣ አክሱም ላይ የቆመበትን ማሕሌት አላወገዘም፤ ስንብቱ ራሱ ምስጋና ነበር። የአዝማሪው ጉዳይ እንዲያውም ክርክሬን ወደ ሌላ ጫፍ ይገፋዋል። ዝነኛውን ዘፋኝ መውጣት የሚከለክለው ፍቅር ነው፣ አዝማሪውን የሚከለክለው ንቀት ነው፤ ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሰውየው ከሙያው ሌላ ማንነት የለውም በማለት ይገናኛሉ።

ኃይሉ ፈልጎ አልወጣም፣ ደርግ ነው ያስወጣው የሚለው ደግሞ ብዙ አያቆየንም። ስደት ምርጫ ነበር አላልኩም። ሰው ያልመረጠውን መለየት ኖሮበት የራሱ ሊያደርገው ግን ይችላል፤ ትዳር በሞት የፈረሰበት ሰው የኋላ ኑሮውን እንደሚኖረው ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ አድማጭ ነው። ባንድ ግን አድማጭና ዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባ ከበሮ የሚመታ፣ ቤዝ የሚይዝ፣ ኪራይ የሚከፍል ባልንጀራ አለ። ለእነርሱ ዕዳ የለብህም ለማለት አልደፍርም፤ ንጹሕ ክርክር ለማቅረብ ብዬ ብደፍርም ማንም ሙዚቀኛ አያምነኝም። ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው የሆላንዱ ፐንክ ባንድ ዘ ኤክስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ባንዱ በ1979 ሲመሠረት ጀምሮ ድምፃዊው ጂ. ደብሊው. ሶክ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ዘፍኖ በ2009 ወጣ። ባንዱ አልፈረሰም። ሌላ ድምፃዊ ተተካ፣ ጌታቸውም ከእነርሱ ጋር መጫወቱን ቀጥሎ በ2012 ሌላ አልበም ወጣ። በሰባ ዓመቱ ፐንክ ባንድ ውስጥ የገባው የሽለላው ሳክስፎኒስት ቆየ፣ ሶክ ግን በጉልምስናው ከዚያው ባንድ ወጣ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። በአንጻሩ ሴክስ ፒስቶልስ እ.ኤ.አ. በጥር 1978 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በአንድ ምሽት ነው ያበቃለት፤ የቀሩት ባልንጀሮች መድረክም ቃልም አልተረከቡም። እዚህ ላይ ዕዳው ይታያል፣ ወሰኑም ይታያል። የተያዘ ዝግጅትን መጨረስ፣ ቀድሞ መናገር፣ የሚያውቁትን ለሚተካ ማስረከብ፤ ከዚህ በላይ ግን የባልንጀራ ፍቅርም እንደ ንጉሡ ጦር መሆን ይጀምራል። የወገራ አዝማሪም ቢሆን ሕጉን ያውቀዋል። ቀብድ ተቀብሎ ሠርጉን ሳይጫወት የሄደ ባለዕዳ ነው፣ ቢከሰስም ይገባዋል። ቀብዱን የመለሰ ወይም በምትኩ ሌላ ባለማሲንቆ ያመጣ ግን ለምን ተውክ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ቢመጣ ሊመልስለትም ላይመልስለትም ይችላል።